«አያድርስ» ማለት ብቻ አይበቃም

መቼም ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ብዙ ነገር ዐውቋል ይባላል። እኛም ከትምህርቱ ዓለም ከተሰናበትን ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነን የተማርነውን ቈጥረን ለመናገር አይቸግረንም። የአውሮፓን ጦርነቶች ከነዘመናቸው በተራ እንደረድራለን፤ የሒሳቡን ቀመር እናስታውሳለን፤ ሥራ ከያዝንም ወዲህ ደብዳቤ እንዴት ተጽፎ በማን ፊርማ እንደሚወጣ ተምረናል። ነገር ግን አንድ ሌሊት የዓመት ከመንፈቅ ልጃችን በክንዳችን ላይ እንዳለ ዓይኑ ወደ ላይ ቢገለበጥና ሰውነቱ ቢንዘፈዘፍ ምን እናደርጋለን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ጥያቄው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚመልሰው በአንዲት ቃል ነው፤ «አያድርስ» ይላል። መልካም ቃል ናት። እኛም በማንም ላይ አያድርስ እንላለን። ሆኖም ይህች ቃል ነገሩን ላለመስማት መሸሻ ስትሆን ጕዳት አላት። «አያድርስ» ብሎ ወሬውን የሚዘጋ ሰው ነገሩ በደረሰበት ቀን ባዶ እጁን ይገኛል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ በትኩሳት ምክንያት በሕፃናት ላይ ድንገት ስለሚመጣው መንዘፍዘፍ ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባውን ለመግለጽ ዐስበናል።

ለነገሩ መነሻ የሆነን በአንድ ወዳጃችን ቤት የደረሰው ነው። ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ሲሆን በአዲስ አበባ ከተማ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ከባለቤቱና ከ18 ወር ሴት ልጁ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን ልጂቱን ጕንፋን ይዟት ዋለና ወደ ማታ ገላዋ ሞቀ። እናቷ አጥብታ አስተኛቻት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ግን ልጂቱ አንድ ጊዜ ቃተተችና ደረቀች፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ጥርሷ ገጠመ፤ ከንፈሯ ጠቈረ፤ ከዚያም እጅና እግሯ ባንድነት ይንዘፈዘፍ ጀመር። ወዳጃችን በኋላ እንደ ነገረን፣ በዚያች ደቂቃ በልቡ የነበረው ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጄ ሞተች የሚል።

የእናቲቱን ጩኸት ሰምቶ ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ አቀረበ። ሌላው የበር ቍልፍ አምጥቶ በመዳፏ ሊያስጨብጣት ሞከረ። አንዲት ጎረቤት ልጂቱ ምላሷን እንዳትውጥ ብላ የማንኪያ እጀታ በጥርሶቿ መካከል ለማስገባት ታገለች። አንድ ጐረምሳ እግሮቿን ጥፍር አድርጎ ያዘ፤ ሌላው ቀዝቃዛ ውሃ በፊቷ ላይ ረጨ። በዚህ መካከል የግቢው ትልቅ ሴት ሰውን ገፋ ገፋ እያደረጉ ገቡና፣

«ተዉአት እስቲ! አየር እንኳ አሳጣችኋት!» ብለው ተቈጡ።

«እማማ፣ ልጄ እኮ ሞተች!» አላቸው ወዳጃችን።

«አልሞተችም ልጄ፣ ትተነፍሳለች። ስንቱን አይቻለሁ! ይልቅ አንተ መኪና ፈልግ» አሉት።

መንዘፍዘፉ ሲያቆም ለወላጆቹ ሌሊቱ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ከተከራዮቹ አንዱ ግን ከመጀመሪያው ጩኸት ጀምሮ ሰዓቱን ተመልክቶ ኖሮ ሦስት ደቂቃ እንኳ እንዳልሞላ ተናገረ። ልጂቱም ዝላ እንቅልፍ ወሰዳት። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደች፤ ደሟ ተመረመረ፤ አንገቷና ጕሮሮዋ ታየ። ሐኪሟም የጕሮሮ ሕመም እንዳለባት፣ መንዘፍዘፉም ከትኩሳቱ የመጣ መሆኑን አስረዳቻቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ በዚያች ሌሊት በልጂቱ ላይ የተገኘው ቍስል አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ማንኪያው የሰነጠቀው ድዷ ነበር።

እንግዲህ ይህ ነገር ምንድን ነው? በአንጎል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። የሕፃን አንጎል ገና በማደግ ላይ ያለ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ልጆች ትኩሳት ሲነሣባቸው ይህ ምልክት ለጥቂት ጊዜ ሥርዐቱን ይስታል፤ ሰውነትም ያለ ፈቃድ ይንዘፈዘፋል። ነገሩ የሚደርሰው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረገው ጥናት ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በጃፓን ቍጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል።

አዲስ በሽታም አይደለም። ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው በግሪኩ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት መጻሕፍት ውስጥ፣ ብርቱ ትኩሳት የያዛቸው ትንንሽ ልጆች እንደሚንዘፈዘፉ፣ ከፍ ያሉትን ግን ይህ ነገር እምብዛም እንደማያገኛቸው ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ወዳጃችን በዚያች ሌሊት ያየው ነገር ለርሱ የመጀመሪያ ቢሆንም ለሕክምና ዓለም የቈየ ትውውቅ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ሥራ እንመለስ። ያን ሁሉ ያደረጉት በፍቅር እንጂ በክፋት አለመሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ፍቅር ዕውቀት ሲጎድለው እጁ ይከብዳል። ምላሱን የሚውጥ ሰው የለም። ምላስ ሥሩ የተያዘ ስለ ሆነ አይዋጥም፤ ቢነከስም በጥቂት ቀን ይድናል። በአፍ ውስጥ የገባ ማንኪያ ግን ጥርስ ይሰብራል፤ የተሰበረውም ጥርስ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። ጣቱን የሚያስገባም ሰው ጣቱን ይነከሳል። የክብሪት ጢስ ለመተንፈስ የምትታገለውን ልጅ አየር ይሻማል እንጂ መንዘፍዘፉን አያቆምም። በመዳፍ የተጨበጠ ቍልፍም የአንጎልን ሥራ አያዝዝም። እጅና እግርን አጥብቆ መያዝ ጡንቻና አጥንት ይጎዳል። ውሃም ሆነ መድኃኒት በአፍ ማንቆርቆር ወደ ሳንባ ስለሚሄድ ከሁሉ የከፋ ነው። ታዲያ መንዘፍዘፉ በራሱ ጊዜ ሲያቆም ምስጋናውን የሚወስደው በዚያች ደቂቃ በእጅ የነበረው ክብሪት ወይም ቍልፍ ይሆናል። ልማዱም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐኪሞች የሚመክሩት ሥራ ከጣት ቍጥር አይበልጥም። በመጀመሪያ ልጁን በወለል ወይም በሰፊ አልጋ ላይ በጎኑ ማስተኛት ነው፤ ምራቁና ትውከቱ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጕሮሮው እንዳይመለስ። ሁለተኛው፣ በአጠገቡ ያለውን የሚያቈስል ዕቃ፣ ምድጃም ሆነ ትኩስ ውሃ፣ ማራቅ ነው። ሦስተኛው፣ የአንገቱን ልብስ ማላላትና የተደራረበውን ጋቢ ማንሣት ነው። አራተኛው፣ በአፉ ምንም አለማስገባትና እጅ እግሩን አለመያዝ ነው። አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ሰዓት መመልከት ነው። በፍርሃት ጊዜ አንድ ደቂቃ እንደ አንድ ሰዓት ይረዝማልና የሰው ግምት አይታመንም። በእጁ ስልክ ያለው ሌላ ሰው ካለ ሁኔታውን በተንቀሳቃሽ ምስል ቢይዘው፣ ሐኪሙ ከመቶ ቃል ይልቅ ከዚያ ይረዳል።

መንዘፍዘፉ 5 ደቂቃ ካለፈ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ይህን የሚያቆም መድኃኒት በሐኪም ቤት ስላለ በተገኘው መኪና ሁሉ መሮጥ ይገባል። መንገድ ላይም ልጁ በጎኑ እንደ ተኛ ይሂድ።

አንዳንድ አንባቢ «በራሱ የሚያቆም ከሆነ ሐኪም ቤት መሄድ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ትኩሳትና መንዘፍዘፍ ባንድነት የሚታዩት በዚህ በቀላሉ ነገር ብቻ አይደለም። የማጅራት ገትር በሽታም እንዲሁ ይጀምራል። በአገራችን ደግሞ ወባ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆነው ቈላማ አገር የሚኖር ወይም ከዚያ የተመለሰ ልጅ፣ ይልቁንም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ በትኩሳት ቢንዘፈዘፍ ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ከቀላሉ ለይቶ ማወቅ የሐኪምና የደም ምርመራ ሥራ እንጂ የወላጅ ግምት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም ለጤና ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ የሕፃን መንዘፍዘፍን ከአደገኛ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ስለዚህ ልጁ ቢነቃና ቢጫወት እንኳ በዚያው ሌሊት መታየት አለበት።

ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ መንዘፍዘፉ ባንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተደገመ፣ ካቆመ በኋላ ልጁ አልነቃ ካለ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ የጨቅላው እርግብግቢት ካበጠ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም የዋጠውን ሁሉ ካስታወከ ጕዳዩ የበለጠ ያስቸኵላል። ጸበል የሚያምን ጸበሉን፣ ዱዓ የሚያምን ዱዓውን ማንም አይከለክለውም። ሆኖም ጸሎቱ ከሐኪም ቤት ጋር ባንድነት ይሂድ፤ ወባና ማጅራት ገትር ቀጠሮ አይሰጡምና።

ክትባት በዚህ ረገድ ያለውን ጥቅም መዘንጋት አይገባም። ማጅራት ገትርን ከሚያመጡት ተሕዋስያን መካከል አንዱን የሚከላከለው ክትባት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም.፣ ሌላውን የሚከላከለው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ ገብተዋል። የክትባት ካርዱን በጊዜው የሚያስሞላ ወላጅ በዚያች ሌሊት የሚፈራው ነገር በብዙ ይቀንስለታል።

ወዳጃችን በሐኪሟ ፊት ቆሞ የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር። «አንጎሏ ተጎድቷል? የሚጥል በሽታ ይዟታል ማለት ነው?» አለ። ሁሉም ወላጅ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ የሚያጽናና ነው። በአሜሪካ ካሪን ኔልሰንና ጆናስ ኤለንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ነገር የደረሰባቸውን 1706 ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው ተከታትለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ከመንዘፍዘፉ የተነሣ የሞተም ሆነ ሽባ ሆኖ የቀረ ልጅ አለመገኘቱን አስታውቀዋል። በእንግሊዝ አገርም በ1970 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ልጆች ሲጠኑ ቈይተው፣ በ1998 ዓ.ም. በወጣው ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ በሕፃንነታቸው በትኩሳት ተንዘፍዝፈው የነበሩት 10 ዓመት ሲሞላቸው በትምህርትም ሆነ በጠባይ ከእኩዮቻቸው አላነሡም።

ለሁለተኛውም ጥያቄ መልሱ ከዚህ የራቀ አይደለም። በትኩሳት የሚመጣው መንዘፍዘፍና የሚጥል በሽታ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ቀላሉ መንዘፍዘፍ ከደረሰባቸው 100 ልጆች ወደ 98 የሚሆኑት በኋላ የሚጥል በሽታ አይይዛቸውም። የሚይዛቸውም ቢኖሩ፣ የሚጥል በሽታ በመንካት የማይተላለፍ፣ በመድኃኒትም በብዙ ሰዎች ላይ የሚገታ የአንጎል ሕመም ነው እንጂ የሚደበቅ ነውር አይደለም።

እውነቱን ላለመሸሸግ ግን፣ ነገሩ ሊመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ ከደረሰባቸው ሦስት ልጆች አንዱን ያህል በሌላ ትኩሳት ጊዜ ይደግመዋል። ትኩሳት የሚያበርደው ፓራሲታሞል ልጁን ከሥቃይ ያሳርፋል፤ መንዘፍዘፉ እንዳይመለስ ግን ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ነገሩ የተመለሰባት እናት «መድኃኒቱን ዘግይቼ ሰጥቼ ነው» ብላ ራሷን መኰነን የለባትም። በቀዝቃዛ ውሃ መንከርም ልጁን ከማንቀጥቀጥ በቀር ጥቅም የለውም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ልጁ ነው። ስለ ወላጆቹ ሕመም የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የወዳጃችን ልጅ በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ዋለች፤ እናትና አባቷ ግን አልዳኑም ነበር። አባት ሌሊት ሌሊት እየተነሣ እጁን በደረቷ ላይ ያሳርፋል። ባለቤቱ ልጂቱን ለማንም አልሰጥም ብላ ከሥራዋ ቀረች። ልጂቱ ባስነጠሰች ቍጥር የሙቀት መለኪያው ይወጣል። ከዚህም አልፎ በሁለቱ ወገኖች መካከል ቅሬታ ገባ። የሚስቲቱ ዘመዶች «በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ሲሉ፣ የርሱም ወገኖች «በኛም አልታየ» ብለው መለሱ። ባልና ሚስቱም ነገሩን ሰው እንዳይሰማው ተማከሩ።

በዚህ መካከል የወዳጃችን እናት ከደብረ ማርቆስ ልጂቱን ሊጠይቁ መጡ። ሁለት ቀን ዝም ብለው ሰነበቱና በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን ለብቻው ጠርተው፣

«አንተም እኮ በልጅነትህ እንዲሁ ነበርክ» አሉት።

«እንዴት እማዬ? መቼ?»

«ገና ዳዴ ስትል። ትኩሳት በተነሣብህ ጊዜ ሦስቴ ያህል ነው። በአምስት ዓመትህ ተወህ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የሚጥል ያለበት ዘር ብለው ሚስት እንዳይከለክሉህ ብለን፣ እኔና አባትህ ዝም አልን።»

ይህን ከወዳጃችን አፍ በሰማን ጊዜ ብዙ ዐሰብን። በትኩሳት የሚመጣው መንዘፍዘፍ በቤተ ሰብ የመሄድ ጠባይ እንዳለው ሐኪሞች ያውቃሉ። ይህም ርግማን ወይም የዘር ጕድለት ማለት አይደለም፤ ልጅ ዓይኑን ወይም ቁመቱን ከአባቱ እንደሚወስድ ያለ ነው። ያ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ዲግሪ ይዞ፣ የመንግሥት ሒሳብ ሲመረምር ይውላል። ለልጁ ጤንነት ከርሱ ከራሱ የበለጠ ምስክር አልነበረም። ነገር ግን ምስክሩ ምስክርነቱን አያውቅም ነበር። እናቱ ዝም ያሉት በፍቅር ነው፤ ጎረቤቲቱም ማንኪያውን ያስገባችው በፍቅር ነው። ዝምታውም እንደ ማንኪያው ሊጠብቁት ያሰቡትን ሰው አቈሰለው።

ከዚያን ቀን ወዲህ በወዳጃችን ቤት የተለወጠ ነገር አለ። ባልና ሚስቱ ሌሊቱን በየተራ ይጠብቁ ጀመር፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል፤ ቀስ በቀስም ሁለቱም መተኛት ለመዱ። ወደ ሐኪሟ ተመልሰው፣ በመጀመሪያው ሌሊት በድንጋጤ ያልሰሙትን እንደ ገና አስደገሟት። እርሷም «አይዞዎት፤ ይህን የሚጠይቁኝ የመጀመሪያው አባት እርስዎ አይደሉም» ብላ በትዕግሥት መለሰችለት። ለሞግዚቲቱና ለግቢው ሰዎች ሁሉ ነገሩን በግልጽ ነገሩ። በበሩ ኋላም አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ በጎን አስተኙ፣ በአፏ ምንም አታግቡ፣ ሰዓት እዩ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ሩጡ የሚል። ከሥሩ የቅርቡ ጤና ጣቢያና የአምቡላንስ ስልክ ቍጥር አለበት።

እኛም ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም አዲስ ትዳር ለያዙትና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩት ወጣቶች፣ የምናሳስበው ይህን ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በየቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ በክትባት ቀን ለተሰበሰቡት እናቶችና አባቶች ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይበቃታል። ሠራተኞቹ ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት ለሞግዚቶቹ ይህን ቢያስተምር ወጪው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ይህን በማዘዝና በማስፈጸም ቦታ ላይ የሚገኙት ከአንባቢዎቻችን መካከል ስለ ሆኑ ነገሩን ከእጃቸው አርቀው እንዳያዩት እንለምናለን።

ወላጅ የሆነም ሁሉ እናቱን ወይም አባቱን ዛሬውኑ ይጠይቅ፤ «በልጅነቴ ትኩሳት ሲነሣብኝ እንዴት ነበርኩ?» ይበል። መልሱ ምናልባት «ምንም አልነበረብህም» ይሆናል። ምናልባትም ለብዙ ዓመት ታፍኖ የቈየ ነገር ይወጣ ይሆናል። የሰማውንም ለልጁ ያቈይ፤ ልጁም በተራው ወላጅ ይሆናልና። «አያድርስ» ማለታችንን አንተውም። ነገር ግን የደረሰ እንደ ሆነ ልጁን በጎኑ የሚያስተኛ እጅና ሰዓት የሚመለከት ዓይን በየቤቱ ይኑር።